ደርሶ መልስ

ስፕሬድሺቱ እስካሁን ላፕቶፔ ላይ አለ። ስሙ «ሐዋሳ እሑድ የመጨረሻ» ይላል። ከሥሩ «ሐዋሳ እሑድ የመጨረሻ 2» የሚል ሌላ አለ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አብሮን የሚሠራ ጓደኛችን አባቱ ረቡዕ ንጋት ላይ ሐዋሳ አረፉ። ሐሙስ ተቀበሩ። እኛ በቴሌግራም ግሩፓችን ስንሰማ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ መድረስ አለብን ተባለ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ መቼና እንዴት የሚለው ላይ ነበር። ሰባት ነን። አንዷ «ቅዳሜ ከሰዓት ወጥተን፣ አድረን፣ እሑድ ብንመለስስ?» አለች። «በአንድ ቀን ይቻላል እኮ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ይቻላል። ይሄ የሙያዬ ቃል ነው። ደንበኛ መጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ «ይቻላል» ነው። መሠራት አለበት ወይ የሚለው የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል። የዛን ዕለት አርብ ማታም እንደዛው ነበር። ሰኞ ሁላችንም ሥራ አለን፣ አንዳችን ቤት ጨቅላ ልጅ አለ፣ አልጋ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። «ይቻላል» ሲባሉ ሁሉም ደስ አላቸው። «በቃ አንተ ፕላኑን አውጣው» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሐዘን ላይ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሰዓት መደልደል ግን አውቃለሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ፣ እስከ ባቱ (ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ነው የሚላት) ጎማው የሚንሸራተት እንጂ የሚሽከረከር አይመስልም። ከዛ በኋላ የድሮው መንገድ ነው፦ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ። እዚህ ላይ መንገዱን ከጋሪ፣ ከከብት፣ ከባጃጅና ከሲኖትራክ ጋር ትካፈሉታላችሁ። ካርታው አራት ሰዓት ተኩል አለኝ። እኔ አምስት ያዝኩ። ያቺን ሠላሳ ደቂቃ ስጨምር ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው ነበር የቆጠርኩት።

ሌላው የማይነቃነቅ ነገር ጨለማ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ብዙ አትለምንም፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል፣ አለቀ። የድሮውን መንገድ በጨለማ መንዳት ምን እንደሆነ በደቡብ መስመር የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፤ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ መሀል መንገድ ተበላሽቶ ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ብቻ የተደረገለት ከባድ መኪና አለ። ስለዚህ ሳይመሽ ባቱን አልፈን የፍጥነት መንገዱ ላይ መሆን አለብን። መነሻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ቤት መግቢያ ከምሽቱ 1 ሰዓት። 14 ሰዓት አለን ማለት ነው። መሄጃ 5፣ መመለሻ 5፣ ቁርስ ግማሽ፣ ነዳጅና ሻይ ግማሽ። ከ14 ላይ 11 ሲቀነስ 3 ይቀራል።

ሦስቷ «ለቅሶ ቤት» ከሚለው ፊት ለፊት ቁጭ አለች። እኔ አልጻፍኳትም፤ ፎርሙላው ነው የጻፋት። ቁርሱን በእጄ ጽፌዋለሁ። ነዳጁን በእጄ ጽፌዋለሁ። ከጠቅላላው ሰንጠረዥ በመቀነስ የተገኘችው ያቺ አንዷ ብቻ ናት፤ የምንሄደውም ለእሷ ነው።

ድረ ገጽ የሠራችሁ ይሄን ነገር በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ገጹ ላይ ለአንዳንዱ ሳጥን ቋሚ ስፋት ትሰጡታላችሁ፤ አንዱን ደግሞ «የተረፈውን ውሰድ» ትሉታላችሁ። ስክሪኑ ሰፊ ሲሆን ያ ሳጥን ንጉሥ ነው። ስክሪኑ ሲጠብ ግን ሌሎቹ ንክች አይሉም፤ እሱ ብቻ ይጨመቃል፣ መጨረሻ ላይ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይነባበራሉ። ዲዛይነር አይቶ «ዋናው ጽሑፍ እኮ ይሄ ነው!» ብሎ ይጮኻል። እኛም «ልክ ነህ፣ ግን ቋሚ አላደረግከውም» እንለዋለን።

እሑድ ስክሪኑ ጠበበ። አንዳችን 40 ደቂቃ አረፈደ፤ ጨቅላው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው፣ ምን ይባላል? ቁርስ ላይ የታዘዘው ፍርፍር ስለዘገየ 20 ደቂቃ ሄደ። ሻሸመኔ ባጃጅና ገበያተኛ መሀል 30 ደቂቃ ቆምን። ሐዋሳ ገብተን ቤቱን ስንፈልግ ሌላ 15። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ 4 ሰዓት ተኩል መሆን የነበረበት 6 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መውጫችን ግን እንደነበረ ነው፤ 7 ሰዓት ተኩል። ያን ሁሉ መዘግየት የከፈለችው ያቺ ሴል ናት። ቁርስ እንዲያውም ከታሰበለት በላይ ነው የወሰደው።

ጓደኛችን ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ፣ አቀፈን፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ንፍሮ መጣ፣ ቡና መጣ፣ ከዛ የዕድር ሴቶች ምሳ ካልበላችሁ አሉን። በላን። ከእሱ ጋር ያወራነው ቢሰበሰብ አምስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። «መንገዱ እንዴት ነበር?» «ደህና ነው።» «ሥራ እንዴት ነው?» «ተወው አሁን ስለሥራ።» ዝምታው ከባድ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ዝም ማለት ነውር አይደለም። እኔ ግን ስልኬን ገልበጥ አድርጌ ሰዓት አየሁ፣ ለሹፌሩ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁ። ከቢሮ የተዋጣውን በፖስታ ለእናቱ ሰጠናቸው። «ልጆቼ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ! አድራችሁ ብትሄዱ ምናለ፣ ቤቱ ሰፊ ነው» አሉ። «ነገ ሥራ ስላለን ነው እትዬ፣ እግዜር ያጥናችሁ» አልናቸው።

ጓደኛችን እስከ መኪናው ሸኘን። ሌሎቹ ሲገቡ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ ነው እጄን እንደያዘ «አባቴ እኮ ማክሰኞ ማታ ደውሎልኝ ነበር» ያለኝ።

ማክሰኞ ማታ ሁለታችንም ቢሮ ነበርን። አዲስ ቨርዥን የምናወጣበት ቀን ስለነበር እስከ 4 ሰዓት አምሽተናል። ስልኩ ሲጠራ ሰምቼ ይሆን? አላስታውስም።

ሰዓቴን አየሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ በሐሰት አልምልም፣ ግን አየሁ። እሱም ሳይ አየኝ። «በሉ በሉ፣ ሳይመሽባችሁ» አለና በሩን ራሱ ገፋልኝ።

አዲስ አበባ የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው። ግሩፑ ላይ «ከፕላኑ 10 ደቂቃ ብቻ!» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ሰው በአውራ ጣት መለሰልኝ።

ከዛ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ምን አጠፋሁ? ምክንያቱም 7 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣታችን ትክክል ነበር። ይሄን አጥብቄ ነው የምከራከረው። አንድ ሰዓት ብንጨምር የድሮው መንገድ ላይ ይመሽብናል። ሹፌራችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያልተኛ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ወዳጄን ላጽናና ብዬ የሰባት ሰውና የእሱን ነፍስ በጨለማ ላይ ማስያዝ ደግነት አይደለም። እዛች በር ላይ ቆሞ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ማንም ሰው «እንሂድ» ማለት ነበረበት። ታዲያ ትክክለኛውን ነገር ካደረግኩ ለምን ያሳፍረኛል?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ የመሐንዲስ መልስ ነው፦ ግምቴ ተሳስቷል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የዕቅድ ስህተት ያሉት ነገር አለ። ሰው ዕቅድ ሲያወጣ የራሱን ሥራ ከውስጥ ሆኖ እያየ ሁሉም እንደታሰበው የሚሄድ ይመስለዋል፤ ተመሳሳይ ሥራዎች ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደፈጁ አይጠይቅም። የኛ ሙያ ሰዎች ይሄን በደንብ እናውቃለን፣ እያወቅንም እንሳሳታለን። እኔም አምስት ከማለት ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነበረብኝ።

ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ብል ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከ14 ላይ ሁለት ጊዜ ስድስት ተኩልና አንድ ሰዓት ሲቀነስ ዜሮ ይመጣል። ግምቱ ትክክል ሲሆን ፎርሙላው እውነቱን ይነግረኝ ነበር፦ ለለቅሶው የተረፈ ጊዜ የለም። የኔ ስህተት ቁጥሩ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ወዳጄን የመቀነስ ውጤት ማድረጌ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥናት ልጥቀስ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ነው። ፕሪንስተን ያለ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎችን ወሰዱ። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ አሏቸው፤ ለግማሾቹ የተሰጠው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። መንገዳቸው ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ እያሳለና እያቃሰተ የተቀመጠ ሰው አለ። ከመነሳታቸው በፊት ለአንዳንዱ «ጊዜ አለህ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» ተብሏል፣ ለአንዳንዱ «አሁን ዝግጁ ናቸው»፣ ለአንዳንዱ «አርፍደሃል፣ እየጠበቁህ ነው»። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው ለሰውዬው አንድ ነገር አደረጉ። ከመሀለኞቹ 45 በመቶ። ከተጣደፉት 10 በመቶ። የንግግሩ ርዕስ ያመጣው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊያስተምር የሚሮጥ ሰው የወደቀ ሰው አልፎ ይሄዳል።

ይሄ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «የሰው ደግነት እንዲህ ደካማ ነው» ለማለት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የተማሪዎቹ ጥድፊያ ከሰማይ አልወረደም። አጥኚው ነው የፈጠረው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምንም ጩኸት በሌለበት ክፍል ውስጥ። እኛ ሚኒባስ ውስጥ ስድስቱ ጓደኞቼ ተማሪዎቹ ከሆኑ፣ አጥኚው እኔ ነበርኩ። አርብ ማታ ሻዬን እየጠጣሁ፣ ማንም በማያለቅስበት ክፍል፣ እሑድ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንደምንችል ወስኛለሁ። በሩ ላይ የተደረገው ምርጫ ትክክል ነበር፤ ወደዛ በር ያደረሰን ግን አርብ ማታ የተጻፈው ነው። ስለ ደግነት ስናስብ ሁልጊዜ የወደቀው ሰው ፊታችን ያለበትን ቅጽበት ነው የምናስበው። እኔ አሁን አሁን ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ከዛ በፊት የሚያልቅ ይመስለኛል፤ ካላንደር ላይ።

ሳምራዊውም ራሱ በሁለት ከተማ መሀል መንገደኛ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ታሪኩን ልጅ ሆነን ስንሰማ ቁስል ማሰሩን ነው የያዝነው። እኔ ደግሞ በቅርቡ ሳነበው ዓይኔ የገባው ሎጂስቲክሱ ነው (ሙያ ክፉ ነገር ነው)። ሰውዬው እንግዳ ማረፊያው አደረ። በማግስቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠ፣ የጎደለውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለና መንገዱን ቀጠለ። ጉዞውን አልሰረዘም። ግን የሚያድርበት ሌሊት ነበረው፣ ከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ ነበረው፣ ቁስለኛውን የሚጭንበት አህያ ነበረው። ባፈር ነበረው። ከእሱ በፊት አልፈው የሄዱት ሁለቱ የት ለመድረስ ይጣደፉ እንደነበር ግን አልተጻፈልንም።

እዚህ ላይ ነው ራሴን የማልቀበለው። ምክንያቱም «ትርፍ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ» ማለት ቀላል ነው፤ ትርፍ ጊዜ ግን በነፃ አይገኝም። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ሁሉ ልቡ የደነደነ አይደለም። ያለችው እሑድ ብቻ ናት። ሌሊት ተነስቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ሌሊት ይገባል፤ ሰኞ ዓይኑ ቀልቶ ሥራ ይገባል። አልጋ መከራየት የማይችል፣ ፈቃድ የማይሰጠው፣ ልጅ የሚይዝለት የሌለው ሰው አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጦ ቢመለስ የሰጠው ካለው ላይ ነው። የጓደኛችን እናት «ይሄን ሁሉ መንገድ» ሲሉ ለይሉኝታ አልነበረም። መምጣታችን ቁም ነገር ነበር። በስልክ ገንዘብ ልኮ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር፤ ያደረጉ አሉ፣ ማንም አልወቀሳቸውም።

ቋንቋችንም ይሄን የሚያውቅ ይመስላል። ከሩቅ የመጣው ሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ ባለቤቱ ለቅሶ ይቀመጣል። ደርሶ መልስ የምንለው ደርሶ ያው የለቅሶው መድረስ ነው። እንግዳ ተቀመጥ ተብሎ አይገደድም፣ የሚጠየቀው መድረስ ነው። ግን መድረስና መቀመጥ አንድ ድንኳን ውስጥ ሲገናኙ፣ የተቀመጠው ሰው የሚያወራው በራሱ ሰዓት ነው። ሐዘንተኛ ንፍሮው ሲቀርብ አያወራም፣ ሰው ሲሞላ አያወራም። ድንኳኑ ሲሳሳ፣ ሰው «በሉ እንግዲህ» ብሎ ሲነሳ፣ መኪና በር ላይ፣ ያኔ ትመጣለች። ሦስቱ ሰዓት ሙሉ ቢሆንልን ኖሮስ? እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ሦስተኛው ሰዓት ሲያልቅ እዛው በር ላይ ይጀምራት ነበር።

የኔ የተለየ ጥፋት ግን ደርሶ መልስ መሄዴ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነበርን። «አድረን ብንመለስስ?» ያለች ሰው ነበረች። አልጋውም ለሰባት ሰው ቢካፈል የሚያቅት አልነበረም፤ ለዛውም እትዬ ቤቱ ሰፊ ነው ብለዋል። ጊዜው ነበረን። እኔ ግን ጊዜ መቆጠቤን እንደ ችሎታ አየሁት፣ ለማን እንደቆጠብኩት ሳልጠይቅ። እሑድ ማታ ቤት ገብቼ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ፊልም ከፈትኩና ሳላልቀው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጓደኛችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባ። «እናንተ መጥታችሁልኛል፣ አልረሳውም» አለን። አንድ ቀን ቡና ልንጠጣ ስንወርድ ደረጃው ላይ «ያኔ መኪናው ጋ ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር?» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበ። «የቱን?» አለኝ። «ስለ ማክሰኞ ማታ... አባትህ ደውለው...» አልኩት። «እ፣ እሱን» አለና ደረጃውን መውረድ ቀጠለ። ከዛ ስለ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ አወራን።

አርባው እሑድ ነው። ሐዋሳ። አዲስ ሰንጠረዥ ከፍቻለሁ፤ መጀመሪያ የጻፍኩት «ለቅሶ ቤት፦ ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ምሳ በኋላ» የሚለውን ነው፣ በእጄ። ሌሎቹን ከዛ ላይ እየቀነስኩ ነው። ሰባት የነበርነው አምስት ሆነናል። ጨቅላ ያለው ልጅ ማደር አልቻለም፤ «በኔ ስም አንድ ነገር በሉልኝ» ብሏል። ሌላዋ እሑድ ሌሊት በአውቶቡስ መጥታ በዛው ቀን ልትመለስ ነው፤ «ለኔ በአንድ ቀን ይቻላል» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ትናንት ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። «መመለሻው ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እሱን ገና አልጻፍኩትም ጋሼ።»

«እንግዲያው የማደሪያ አበል ታስቡልኛላችሁ» አሉ። «ደግሞ በደንብ እንድተኛ አልጋው ከድንኳኑ ራቅ ይበል።»

እሱንም ጻፍኩት።